ቁልቁለት የሚበላው መኪና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ጭነት በጀርባ መሸከም ትተው በመኪና ማመላለስ በጀመሩበት ዘመን፣ አንዲት ቀበሮ ነበረች። ሥራዋ መኪና መንዳት አልነበረም፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ጭነት መሸከምም አልነበረም፤ ለዚያ ወገቡም ትዕግሥቱም የላትም። የእሷ ሥራ ማሰብ ነበር። ለጫካው የጭነት ማኅበር አንድ ሶፍትዌር ሠርታ ስሙን «አድራሽ» ብላዋለች።

አድራሽ በየመኪናው ጋቢና ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ በተሰካች ትንሽ ስክሪን ላይ ብቅ እያለ፣ ማን ምን ጭኖ በየት በኩል መቼ መነሣት እንዳለበት ያዛል። ከደጋው ገብስ ይወርዳል፤ ከቆላው ጨው ይወጣል። አድራሽ ከመጣ ወዲህ ሁለት መኪና ለአንድ ጭነት ሲጋፋ፣ ገብስም ውጭ አድሮ ዝናብ ሲመታው ማየት ቀረ። ቀበሮም በሥራዋ ትኮራ ነበር። ቀበሮ ስትኮራ ደግሞ ብትደብቀውም ጅራቷ ያሳብቅባታል።

በደጋውና በቆላው መካከል ግን አንድ ክፉ ዳገት አለ። መኪኖቹ ጨው ጭነው ሲወጡት ያቃስታሉ፤ ባቃሰቱ ቁጥር ጥቁር ጭስ ይተፋሉ። ከዳገቱ የመጨረሻ ኩርባ በላይ ባለው ደን ውስጥ ጉሬዛ ከነልጆቿ ትኖራለች። ጉሬዛ መቼም ጥቁርና ነጭ ናት፤ ነጩ ካባዋ ከእናት ከአባቷ የወረሰችው ክብሯ ነው።

አንድ ጠዋት የቀበሮ ቢሮ በር ተንኳኳ። ቀበሮ ብትከፍት፣ ከእግር እስከ ራሷ ጥላሸት የመሰለች እንግዳ ቆማለች።

«ማን ልበል?» አለች ቀበሮ።

«ጉድ! ጎረቤትሽን አጣሻት? ጉሬዛ ነኝ እንጂ!»

«ውይ በሞትኩት! ካባሽ ምን ሆነ?»

«የእናንተ መኪና ጭስ ነዋ። እኔስ አርጅቻለሁ፣ ብጠቁርም ብነጣም ማን ያየኛል። ልጆቼ ግን ሌሊቱን ሲያስሉ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ልንሰናበትሽ መጣሁ፤ አገር ለቅቀን ልንሄድ ነው።»

ቀበሮ የጠቆረውን ካባ ትኩር ብላ አየችው። ወደዚያ ዳገት መኪና የሚልከው ማን ሆነና! አድራሽ ነው። አድራሽን የሠራው ማን ሆነና! እሷው ናት። ለካ ጨው ብቻ ሳይሆን ጭስም፣ ያውም ሰዓቱን ጠብቆ፣ እያደረሰ ኖሯል። ይህን ስታስብ ያ የሚያሳብቅ ጅራቷ ከእግሮቿ መካከል ገባ።

«እስከ ክረምቱ መግቢያ ብቻ ታገሺኝ። ጭሱን ካላጠፋሁልሽ ጓዝሽን ራሴ እሸከምልሻለሁ» አለቻት።

ያኑ ዕለት ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አያ አንበሶ ሄደች። እንዴት አድርጋ እንዳሳመነችው ቀበሮና አንበሳ ብቻ ያውቃሉ። ብቻ ሳይውል ሳያድር ጭስ የሌላቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ተገዙ። አንዱ ለአያ ጅቦ፣ ሌላው ለአህያ ተሰጠ። አያ ጅቦ ከማኅበሩ ሾፌሮች ሁሉ አንጋፋው ነው፤ ስለ መኪና ያልሰማው እንጂ የማያውቀው የለም ብሎ ራሱ ይናገራል። አህያ ግን መንጃ ፈቃዱን ያገኘ ገና ትናንት ነው፤ ቁልቁለት ሲያይ ጆሮው ይቆማል።

በመጀመሪያው ጉዞ ሁለቱም መኪኖች ዳገቱ ወገብ ላይ ባትሪ ጨርሰው ቆሙ።

ሌላ ብልህ ነኝ ባይ ቢሆን «መኪናው ነው እንጂ ሶፍትዌሩ ምን አጠፋ!» ብሎ እጁን በታጠበ ነበር። ቀበሮ እንዲያ አላደረገችም፤ የምትደነቀውም በዚህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስትኮራበት የነበረውን ሥራ ከፍታ፣ እንደ ባዕድ ሥራ አንድ በአንድ መረመረችው። ጉድለቱንም ራሷ አገኘችው። አድራሽ የሚያውቀው ርቀት ብቻ ነበር። ዳገት ሆነ ሜዳ፣ ለእሱ መንገድ ሁሉ መንገድ ነው። ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ቢያልቅበት ከየትም ቀድቶ ይሄዳልና እስከዚያ ቀን ይህ ጉድለት አልታየም።

ቀበሮ አድራሽን እንደገና አስተማረችው። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ባትሪ የሚሞላበት ቦታ የት እንዳለ ነገረችው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አሳወቀችው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ራሱን ያዝ እያደረገ ከወረደ፣ የሚሽከረከረው ጎማ መልሶ ባትሪውን ይሞላዋል። ጭነቱ በከበደ መጠንም የሚሞላው ይጨምራል። እንግዲህ ከደጋው ገብሱን ደህና አድርጎ ጭኖ መውረድ፣ ከታች ጨው እየተጫነ ሳለ ባትሪውን ትንሽ መጨመር፣ ከዚያ መውጣት። ሒሳቡ ልክ ነበር። ቀበሮ ደጋግማ አየችው፤ ልክ ነበር።

አህያ በዚህ ሒሳብ ሄዶ፣ ጨውን አድርሶ፣ በሰላም ገባ። ጅብ ግን የመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ ከጉሬዛ ዛፍ ሥር፣ ቆመ። በሌላው ጉዞም አህያ ገባ፤ ጅብ እዚያው ኩርባ ላይ ቆመ።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጅብ በእግሩ ከዳገቱ የመጣ ስለሆነ ሲገባ አቧራ ለብሷል።

«ጌታዬ አንበሳ፣» አለ እያለከለከ፣ «ይህ አድራሽ የሚሉት ውሸታም ነው! ይበቃሃል ይለኛል፤ አይበቃኝም። በናፍጣ እኮ ስንት ዘመን ነዳሁ! ጭስ ቢኖረውስ? ጭስ ማንን ገደለ?»

«አህያ እኮ ደርሷል» አለች ቀበሮ።

«አህያ!» አለና ጅብ ሳቀ። ሳቁ እንደ ወትሮው አካባቢውን ሁሉ አወከው። «አህያ ቁልቁለቱን ሲወርድ አይታችሁታል? መኪናውን እንደ እርጉዝ ላም እየያዘ፣ ኤሊ እየቀደመችው ነው የሚወርድ! ፈሪ ነው!»

አህያ አፈረና መሬት መሬት አየ። «እውነቱን ነው፤ ቁልቁለት እፈራለሁ» አለ።

አንበሳ ጢሙን አሻሸ። ለአዲሶቹ መኪኖች ብዙ አውጥቷል፤ የሚስቁበትም አልጠፉም። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ዥግራ እንዲሉ፣ ከአባላቱ ገሚሱ ነገሩን ለማፍረስ ሰበብ ሲጠብቅ ነው የከረመው።

«አንድ ጉዞ ልስጥሽ፣» አለ አንበሳ። «አያ ጅቦ ወርዶ ይወጣል። ዳገቱን ጨርሶ እኔ ጫፉ ላይ ከምጠብቅበት ከደረሰ አዲሶቹ መኪኖች ይቀጥላሉ። ኩርባው ላይ ከቆመ ግን ሁለቱም ይሸጡና በናፍጣው እንቀጥላለን። በኋላ ደግሞ አልቅሰሽ እንዳትመጪ።»

«እንዳሉ ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ከአያ ጅቦ ጋር ጋቢና ውስጥ እሄዳለሁ።»

ጉሬዛ ይህን ሰምታ ጓዟን መቋጠር ጀመረች።

በማግሥቱ ገብሱ ተጫነ፤ ጅብና ቀበሮ ተነሡ። ሜዳውን ጨርሰው ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ ጅብ ክንዱን ሰበሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በኩራት ማርሹን ነቅሎ ወደ ፎሌ፣ ወደ ባዶው ማርሽ፣ መለሰው። መኪናው እንደ ተለቀቀ ድንጋይ ቁልቁል ይንደረደር ጀመር። ቀበሮ በሁለት እጆቿ ወንበሩን ጨበጠች።

«አያ ጅቦ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ፎሌ ነዋ! ቁልቁለት ላይ ፎሌ የማያደርግ ሾፌር ሾፌር ነው? ሞተሩ ይረፍ፣ ነዳጅ ይቆጠብ! አባቴም የነዳው እንዲህ ነው።»

«ይህ መኪና እኮ ነዳጅ የለውም!»

«ታዲያ የሌለውንማ የበለጠ መቆጠብ ነው!» አለ ጅብ።

በየኩርባው ፍሬኑን ሲረግጠው ጎማው ሥር ይንጫጫል። ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ያ ጭስ የለውም የተባለው መኪና ከእግሩ ሥር ማጨስ ጀመረ። ቀበሮ አሁን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ለካ አህያ የሚደርሰው ስለሚፈራ ነው! ፈርቶ ማርሽ ውስጥ እያደረገ፣ ያዝ እያደረገ ስለሚወርድ ባትሪው ይሞላለታል። ጅብ ግን በናፍጣው ዘመን ቁጠባ የነበረውን ልማድ ይዞ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ በከንቱ ያፈሰዋል።

«ስማኝ አያ ጅቦ፣» ብላ ጀመረች። ስለ ጎማው፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ባትሪው፣ ስንት በመቶ እንደሚሞላም አስረዳችው። ጅብ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ከዚያም፣ «አድራሽም እንዲሁ ቁጥር ሲለፈልፍብኝ ነው የሚውል። ቁጥር ይበላል?» አላት።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ አንዲት ደልዳላ ቦታ አለች። ፍሬኑ እስኪበርድ እዚያ ቆሙ። ጅብ ከወንበሩ ሥር አንድ ትልቅ አጥንት አወጣና ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቀበሮ ተናዳ ልትሰድበው አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። ጅብ አጥንቱን ሲቆረጥም ፍንጣሪው ሣር ውስጥ ወደቀበት። ሌላ ጊዜ ከፊቱ ያለ ምልክት የማያይ ያ ጅብ፣ ሣሩን ቅጠል በቅጠል ገልጦ፣ የምስማር ራስ የምታህለውን ፍንጣሪ ፈልጎ አገኛትና በምላሱ ለቀማት።

«ወይ እኔ ሞኟ!» አለች ቀበሮ በልቧ። «እሱ እኮ ዕውር አይደለም። የማያየው እሱ የማይወደውን ነገር ስላሳየሁት ነው። ሒሳቡን ለመኪናው አስማምቼ ሠራሁት፤ ለሚነዳው ግን መቼ አሰብኩ?»

ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ጅብ አጥንቱን እስኪጨርስ እሷ ሥራዋን ጨረሰች፤ ጅብ ደግሞ አጥንቱን ቸኩሎ አይጨርስም፣ ያጣጥማል። ተመልሶ ጋቢና ሲገባ ስክሪኑ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። በቦታው ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ዓይኑ የጎደጎደ አንድ ጅብ ተሥሏል።

ጅብ ደነገጠ። «ምነው! ይህ ምስኪን ማን ነው?»

«መኪናህ ነው። ተርቦ ነው።»

«ምን ይበላል?»

«ቁልቁለት።»

«ቁልቁለት!»

«አዎ። ማርሽ ውስጥ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ከያዝከው ቁልቁለቱን እየበላ ይወርዳል። ፎሌ ስታደርገው ግን አፉን ትዘጋበታለህ።»

ጅብ ዞር ብሎ የወረዱትን መንገድ ወደ ላይ ተመለከተ። ያ ሁሉ ኩርባ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ያን ሁሉ... ያን ሁሉ ሳይበላ አሳለፍኩት?»

«አሳለፍከው።»

«በይ ተነሽ! ተመልሰን ወጥተን ደግመን እንውረደው!»

ቀበሮ ሳቋን ዋጠች። «መውጣቱ ያለውንም ያስጨርሰዋል፤ ያለፈው አልፏል። ይልቅ ከፊታችን ያለው እንዳያመልጠን።»

ከዚያች ደልዳላ ቦታ በታች ጅብ የነዳውን ያህል በጥንቃቄ የነዳ ሾፌር በዚያ አገር አልታየም። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ መሪውን እንደ ሙዳ ሥጋ ጨብጦ፣ በየኩርባው ስክሪኑን ሰረቅ እያደረገ ወረደ። የተሣለው ጅብ ጎኑ እየሞላ፣ ፀጉሩ እየለሰለሰ ሄደ። «እየበላ ነው! አየሽው? ጎረሰ እኮ!» ይላል ጅብ ምራቁን እየዋጠ። የቃጠሎው ጠረን ጠፋ፤ ፍሬኑም ጸጥ አለ።

ቆላው እንደ ደረሱ ገብሱ ተራገፈ፣ ጨው ጫኞቹ ዝንጀሮዎች እንደ ልማዳቸው ተሯሯጡ፤ ጅብ በመጣ ቁጥር «ቶሎ! ቶሎ!» እያለ ያጣድፋቸው ነበርና። አድራሽ ግን መኪናው እየተጫነ ሳለ ከፀሐይ በሚገኘው ኃይል ባትሪው እንዲጨመርለት አዘዘ። ገመዱ ሲሰካ አያ ጅቦ ስክሪኑ ላይ የተሣለው ጅብ ሲያላምጥ አየ።

«ምን ያስሮጣችኋል!» ብሎ ዝንጀሮዎቹ ላይ ጮኸ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማችሁም? ረጋ በሉ፤ መኪና እየበላ ነው!»

ዝንጀሮዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጠጋ ብሎ ቀበሮን፣ «አሞታል እንዴ?» አላት በጆሮዋ።

ጨው ተቆልሎ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ያለው ጅብ ድንገት ጉልበቱ ታጠፈና ተንበረከከ። የቁልቁለቱ ግማሽ በከንቱ ስለ ፈሰሰ ለዚህ ሁሉ ሸክም አቅም እንደሌለው አድራሽ አስቦታል። የተረፈውንም ከኋላቸው ገብስ ጭኖ የሚወርደው አህያ በመኪናው ባዶ ቦታ እንዲያመጣው መድቦለታል። ጅብ ወደ ጨው ቁልሉ አየ፤ ወደ ተንበረከከው ጅብ አየ። በሕይወቱ አንድም ቀን የያዘውን በፈቃዱ ለቅቆ አያውቅም።

«ከላይ ያለውን አውርዱለት» አለ በመጨረሻ። «ለአህያ ይቆይ። የደከመን መጫን ግፍ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ጅብ ብድግ ብሎ ቆመ።

ዳገቱን ተያያዙት። አሁን የቀበሮም ልብ ይመታ ጀመር። አድራሽ ይበቃል ብሏል፤ ግን ለጥቂት ነው። ኩርባ በኩርባ የተሣለው ጅብ ጎኑ እየጎደለ፣ አጥንቱ እየወጣ መጣ።

«እየከሳ ነው!» አለ ጅብ። «እመት ቀበሮ፣ እየከሳ ነው! ላቁምለትና ይረፍ!»

«እንዳታቆም! ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ይበልጥ ያደክመዋል።»

«ይሞትብኛል!»

«አይሞትም። አድራሽ መንገዱን ያውቀዋል፣ አሁን ደግሞ አንተን ያውቅሃል። ንዳ!»

የመጨረሻው ኩርባ ታየ። ከኩርባው በላይ ዛፉ ላይ ጉሬዛ ጓዟን ቋጥራ፣ ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣለች። ከዳገቱ ጫፍ አንበሳ ከአባላቱ ጋር ቆሟል፤ ገሚሶቹ ከወዲሁ መሳቅ ጀምረዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጅብ ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ። ጅብ ምላሱን ነክሶ፣ ፊቱን ወደ መስተዋቱ አስጠግቶ፣ መኪናውን በገዛ ትከሻው የሚገፋ ይመስል ወደ ፊት አጎነበሰ። ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትከፍተው አንበሳ ከፊቷ ቆሟል። ደርሰዋል።

ጉሬዛ የመኪናውን ማለፍ ያወቀችው ካለፈ በኋላ ነው። ሲያጓራ አልሰማች፣ ጭስ አላየች። ከታች ገና ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ከላይ እልልታ ሰማች፤ ጓዟንም እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ፈታችው።

ጅብ ከጋቢናው ዘልሎ ወረደና ያገኘውን ሁሉ ማቀፍ ያዘ። ከኋላ አህያ የተረፈውን ጨው ይዞ፣ እንደ ወትሮው በዝግታ ደረሰ። ጅብ ሮጦ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። አህያ በጅብ ሲታቀፍ የመጀመሪያው ነበርና ነፍሱ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

«ፈሪ ማለቴን ይቅር በለኝ ወንድሜ!» አለው ጅብ። «አንተ ለካ ከኔ ቀድመህ ስትበላ ነበር!»

አንበሳ ቀበሮን ወደ ጎን ጠራት። ሲያስብ የቆየ ይመስላል።

«እስቲ ንገሪኝ፣» አለ፤ «ያው መኪና ነው፣ ያው ዳገት ነው፣ ያው ሾፌር ነው። ምኑን ቀየርሽው? ባትሪውን ነው?»

«አልነካሁትም ጌታዬ።»

«ታዲያ ጅብን ቀየርሽው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ጅብን ማን ቀይሮት ያውቃል!» አለች ቀበሮ። «ሆዳምነቱን አልቀማሁትም፤ ሥራ ሰጠሁት እንጂ።»

አንበሳ ብዙ ቀን ሳይስቅ ከርሞ ነበር፤ ያን ቀን ሳቀ። ከዚያም ያረጁት የናፍጣ መኪኖች በተራ በተራ እንዲለወጡ፣ አዲስ መኪና በመጣ ቁጥርም ማንም መሪ ከመጨበጡ በፊት ቀበሮ አንድ ጉዞ አብራው እንድትሄድ አዘዘ።

ከዚህ የምንማረው፣ አየሩን የማይበክል መኪና መግዛት የጉዞው መጀመሪያ ብቻ እንደሆነ፣ ብልህ ማለትም የገዛ ሥራውን ከፍቶ ለማረም የማያፍርና የሚነዳውን ሾፌር ጠባይ አውቆ መልካሙን መንገድ የሚያስወድደው መሆኑን ነው።